በወንፊት ያለፉ ባቄላዎች

ሰፈር ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም «ቆጣሪዋ» ነው የሚላት። አዲስ የገባ ጎረቤት ይህን ሲሰማ የመብራት ሠራተኛ ትመስለውና «የእኔን ቆጣሪ መቼ ነው መጥተሽ የምታዪልኝ?» ይላታል። እሷም ስቃ ታልፋለች እንጂ አታስረዳም። ምን ብላ ታስረዳ? «የምቆጥረው ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት የወደቀ ደን ብናኝ ነው» ብትል ሰው ዓይን ዓይኗን እያየ ወሬ እንደሚቀይር በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ተምራለች። ሊያገባት የነበረ አንድ ሹፌር «የሞተ ዛፍ ቆጥረሽ ምን ልታገኚ ነው?» ብሎ ጠይቋት ነገሩ እዚያው ቀረ። ሹፌሩ ደግ ሰው ነበር ይላሉ። ይሁን፤ ደግ ሰውም የሞኝ ጥያቄ ይጠይቃል።

ላቦራቶሪው የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ብርጭቆ ለማጠብ ነበር። እናቷ ከሞተች ዓመት አልሞላም። ቤት ውስጥ የስድስት ዓመት ወንድምና ከከሰል ጉድጓድ ሳንባውን ጨርሶ የወጣ አባት ይጠብቋታል። አንድ ቀን የላቦራቶሪው ዶክተር፣ ያን ጊዜ ገና ትምህርታቸውን ጨርሰው የመጡ ጎረምሳ፣ ከምሳ ሲመለሱ መወልወያዋን በብብቷ ሸጉጣ በማይክሮስኮፑ አጎንብሳ አገኟት። ሥራዬ አበቃ ብላ ስትጠብቅ ግን «ምን አየሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ባለ ሦስት ጨረሩ ከባቄላው ይበዛል» አለች።

መወልወያውን ከብብቷ ወሰዱና ወንበር ሳቡላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርጭቆ የሚያጥብ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ባቄላና ባለ ሦስት ጨረር የሚሉት ስሞችም እዚያው ቤት መደበኛ ስም ሆነው ቀሩ፤ የላቲኑን ስም ዶክተሩ ለጽሑፍ ብቻ ነው የሚያወጡት።

ሥራው ምን እንደሆነ ግልጽ ይሁን። የድንጋይ ከሰል ማለት ረግረግ ውስጥ የበቀለ ደን ነው፤ ወድቆ፣ ተቀብሮ፣ ምድር ተጭኖት ጠቁሮ የቀረ። ግንዱን ብትፈልግ የለም፣ ቅጠሉም የለም። በዚያ ደን የበቀሉት ዕፅዋት ግን ለመራባት የሚበትኑት ብናኝ፣ ስፖር የሚባለው፣ ቅርፊቱ ብርቱ ስለሆነ እስከ ዛሬ አለ። ከሰሉን ደቁሰህ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ አጥበህ፣ በወንፊት ጨርቅ አጥልለህ የቀረውን ብታይ ማር የመሰለ ቀለም ያላቸው ቅንጣቶች ታገኛለህ። ከላይ ሦስት ጨረር የተሠመረባቸው ክብ ክቦቹ ግንዳቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነቀሰ ግዙፍ ዛፎች የበተኗቸው ናቸው። ባቄላ የሚመስሉት ደግሞ ፈርን የሚባሉ፣ አበባ የማያወጡ፣ ዛፍ የሚያክሉ ዕፅዋት የበተኗቸው ናቸው። ሁለት መቶ ሃምሳ ትቆጥራለህ፤ አንድም አይጎድልም፣ አንድም አይጨመርም። ስንቱ ይሄ፣ ስንቱ ያ እንደሆነ ስታውቅ ደኑ ፊትህ ይቆማል። ዶክተሩ እሷ በቆጠረችው ቁጥር ደን ይሥላሉ። የክፍላቸውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሸፈነው ሥዕል የሃያ ስድስት ዓመት ድካም ነው።

ሥዕሉ ግን ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከላቦራቶሪው አራት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ከሰል ማውጫ ሁለት ንጣፍ ከሰል አለው። ታችኛው ንጣፍ የግዙፎቹ ዛፎች ደን ነው፤ ላይኛው የፈርን ደን። ምድሩ በጥንት ጊዜ ተሰነጣጥቆ ንጣፎቹ አንዱ ቦታ ከፍ፣ ሌላው ቦታ ዝቅ ስላሉ፣ ዋሻ የሚቆፍር ሰው ከሰል ሲያገኝ የትኛውን እንዳገኘ በዓይን አይለይም። መለየቱ ደግሞ የሞት ሽረት ነገር ነው። ላይኛው ንጣፍ ከአርባ ዓመት በፊት ተቆፍሮ የተተወ ነው፤ ካርታው ጠፍቷል፤ አሮጌዎቹ ዋሻዎች እስከ ጣሪያቸው ውሃ ሞልተዋል። ያን ውሃ የያዘውን ግድግዳ የነካ ሰው ለመሮጥ ጊዜ አያገኝም።

አንድ ሰሞን የማውጫው ኢንጂነር ከአዲሱ ዋሻ ግንባር፣ ቁፋሮው ከደረሰበት ጫፍ፣ አንድ ኩንታል ከሰል ልኮ «የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ረጅም የመፈተሻ ቀዳዳ እየቦረቦሩ መሄድ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ላቦራቶሪው ግን በአራት ቀን ይመልሳል። በዚያ ግንባር አሥራ አንድ ሰው ይዞ የሚሠራው አለቃ፣ ያ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ወንድሟ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲቀልድባት ሰነበተ። «እትዬ፣ ባቄላሽ ምን አለ? እንግባ ወይስ ተኝተን እንዋል?»

መልሱ ማክሰኞ ወጣ። ከሁለት መቶ ሃምሳው፣ ባቄላ ዘጠኝ ብቻ፤ ባለ ሦስት ጨረር ሁለት መቶ ሰባት። ታችኛው ንጣፍ። እሷ ፈረመች፣ ዶክተሩ ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ። ዶክተሩ ስላይዱን፣ ብናኙ የተለጠፈበትን መስታወት፣ ሲያዩ «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ የጠራ ስላይድ አይቼ አላውቅም» አሏት። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ብቻዋን እየሳቀች ነበር።

ስላይዱ ለምን እንደጠራ ያወቀችው ሐሙስ ጠዋት ነው።

ደንቡ ከአንድ ናሙና ሁለት ጊዜ ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ ለመልስ፣ አንዱ ለማኅደር። የማኅደሩን ረቡዕ ስታጥብ የሲንኩ ቱቦ ተደፍኖ ነበርና የምትደፋውን ውሃ በባልዲ አጠራቀመችው። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ «እትዬ፣ ይሄን ባልዲ አንሺልኝ» ሲላት አነሳችው። ውሃው ጠርቶ አድሯል። ከሥሩ ግን አንድ ጣት የሚሞላ ዝቃጭ አለ። ጥቁር ቢሆን አይገርማትም ነበር፤ የከሰል ዱቄት ሁልጊዜ ያልፋል። ይሄ ግን ማር ይመስላል።

ጠብታ ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየች። ባቄላ ነው። ደቃቅ ባቄላ ብቻ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ለራሷ ለመዋሸት እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ወዲያው ገብቷታል። ከሁለት ወር በፊት አሮጌው የወንፊት ጨርቅ ተቀዶ ነበር። ግምጃ ቤቱ ከጥቅል ቆርጦ ሌላ ሰጣት፤ መለያው የለውም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ አሸት አደረገችው፣ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችውና «ራሱ ነው» አለች። ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ዓይኑን፣ የቀዳዳዎቹን ስፋት፣ መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ያሸ ጣት ግን መለኪያ አያስፈልገውም አይደል! አዲሱ ጨርቅ ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል፤ ግማሽ ቀን የሚፈጀው እጥበት በአንድ ሰዓት አለቀላት። ስላይዱም ጠራ። ለምን አይጠራ? ግማሹ ደን በወንፊቱ አልፎ በቱቦው ወርዷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ግን ያልጠረጠረችው በገዛ ጣቷ ነው፣ የሚመነጠረው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

አሁን አሮጌውን ጨርቅ ከመሳቢያ አወጣች፤ ሁለቱንም ጨርቆች በተራ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገች። የአዲሱ ዓይን የአሮጌውን እጥፍ ይሆናል።

ዋሻው ግንባር ላይ ድማሚቱ የሚፈነዳው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወንድሟ ትናንት ማታ ነግሯታል።

«ለምን ወዲያው አልደወለችም?» የሚል አይጠፋም። ምን ይዛ ትደውል? «አንድ ጠብታ አይቼ ደነገጥኩ» ትበል? በማኅተም የወጣን ወረቀት ድንጋጤ አያነሳውም፤ ቁጥር ያነሳው እንደሆነ ነው። በጨርቁ ላይ የቀረውንና በባልዲው ያለፈውን ቀላቅላ አዲስ ስላይድ ሠራችና ተቀመጠች። አንድ መቶ አሥር ላይ ስትደርስ ተሳሳተች። ጥርሷን ነክሳ ከአንድ ጀመረች። ከኋላዋ የቧንቧ ሠራተኛው ሽቦ ቱቦ ውስጥ እየከተተ ያፏጫል፤ «ዝም በል!» ብላ ጮኸችበት። ሰው ላይ ስትጮኽ የሰማት የለምና ሠራተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ከሃያ። ባቄላ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት። ላይኛው ንጣፍ።

ዶክተሩን ያገኘቻቸው ወንበር ላይ ቆመው ነው። እርጥብ ጨርቅ ይዘው ከሥዕሉ ቀኝ ጥግ ፈርኖቹን እየደመሰሱ ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ከዚያ አቅጣጫ በመጡት ናሙናዎች ላይ ባቄላ ጠፍቷልና፣ የፈርኑ ደን እዚያ አልደረሰም የሚል ትልቅ ጽሑፍ ጽፈው ነበር። በጡረታቸው ዋዜማ ያገኙት ግኝት ነው። ነገሩን እስክትጨርስ ከወንበሩ አልወረዱም።

«ስላይዶቹ እኮ በጣም ጥሩ ነበሩ» አሉ።

«ጥሩ የሆኑት ግማሹ ስለሌለ ነው ዶክተር።»

«እንደገና ይሠራ። በትክክለኛው ጨርቅ፣ ከመጀመሪያው። ነገ ከሰዓት እንደርሳለን። በድንጋጤ የተሠራ ሥራ አይደለም የሚያስፈልገን።»

«ድማሚቱ ስምንት ሰዓት ነው።»

ዶክተሩ ወረዱ፤ ስልኩን አነሱ። ኢንጂነሩ ቢሮው የለም ተባለ። ሰባት ሰዓት ላይ ደገሙ፤ የለም። እሷ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ሰባት ከሃያ ላይ ተገኘ።

«ኢንጂነር፣ እንደምን ዋልክ። ስለዚያች ናሙና ነው... አንዳንድ ነገር እያጣራን ነበር።»

የኢንጂነሩ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል። «ምን ይጣራል ዶክተር? ወረቀቱ ፊቴ ነው። ታችኛው ይላል።»

«ይላል፣ እሱማ ይላል። ብቻ አንዲት ትንሽ የወንፊት ጉዳይ... ሌላ ማረጋገጫ ብናገኝ አይከፋም ለማለት ነው።»

«እሺ፣ ነገ ላኩልኝ። ሰዎቹ ገብተዋል፣ ድማሚቱን እየሞሉ ነው።»

በሃያ ስድስት ዓመት ዶክተሩን «እርስዎ» ሳትል ውላ የማታውቅ ሴት፣ ስልኩን ከእጃቸው መነጨቀች።

«ኢንጂነር፣ ቆጣሪዋ ነኝ። ሰዎቹን አስወጣ። ላይኛው ንጣፍ ነው።»

«ወንድምዎ ውስጥ ስላለ ነው?»

«አዎ፣ ወንድሜ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ግባ ብዬ ስፈርምም ወንድሜ ነበር። ተሳስቻለሁ። በስህተቴ አሥራ ሁለት ሰው እንዳትቀብር።»

«እትዬ፣ እኔ በቃል ሥራ ማቆም አልችልም። በማኅተም የመጣውን በማኅተም አንሱት።»

ወረቀት ሳበች። «ማክሰኞ የላክነው ውጤት ስህተት ነው። ወንፊቱን ሳልፈትሽ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ። ከሰሉ የላይኛው ንጣፍ ነው። ሰው ይውጣ።» ፈረመችና ለዶክተሩ ዘረጋችላቸው። ዶክተሩ ወረቀቱን አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው የደመሰሱትን ጥግ አዩ። የቆዩት ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ነው። እሷ ግን በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጠላቻቸው፤ ወንበር የሳቡላትን ሰው፣ የምትወዳቸውን ሰው፣ ከልቧ ጠላቻቸው። ኋላ ራሷ ነው ይህን የተናገረችው።

«‹እኔ› የሚለውን ‹እኛ› አድርጊው» አሉና ፈረሙ። ማኅተሙን ራሷ መታች፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከች። ሰባት ሰዓት ከአርባ ሦስት ነበር።

መልስ የለም። ደወለች፤ አይነሳም። ማውጫው ውስጥ ድማሚት ሲፈነዳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ሁለቱም መደርደሪያው ፊት ቆሙ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ከአምስት። ዶክተሩ ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ስምንት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ ምን አደረግሽኝ?» ወንድሟ ነው። ድምፁ በንዴት ይቆራረጣል። «የሞላነውን ድማሚት አንድ በአንድ ስናወጣ... ታውቂያለሽ እሱ ምን ማለት እንደሆነ? ‹እህቱ ጠርታው ወጣ› እያሉኝ ነው። የቡድናችን ሽማግሌ ሳይቀር ‹ባቄላው ተቆጣ ወይ?› አለኝ።»

«ይበሉህ» አለች፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «እስኪጠግቡ ይበሉህ።»

«ነገ መፈተሻ ይቆፈራል። የምቆፍረው እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው ይቆፍር።»

«ሌላ ሰው? የማንን ወንድም ልላክልሽ?»

ይህን ብሎ ዘጋው።

ዓርብ ጠዋት ከአሮጌው ጨርቅ ያልተቀደደውን ቆርጣ የማጥለያው ቀለበት ላይ ወጠረች፤ ናሙናውን እንደ ደንቡ ከመጀመሪያው አጠበች። ውሃው ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው የሚያልፈው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሯ እንዲሳሳት ተመኘች። ታችኛው ይሁን፣ እኔም ልዋረድ፣ ከሥራም ልባረር፣ ብቻ ከግድግዳው በስተጀርባ ውሃ አይኑር አለች። ሁለት መቶ ሃምሳ ቆጠረች። ባቄላ አንድ መቶ ሰባ አንድ።

ልክ መሆን እንደዚያ አስጠልቷት አያውቅም።

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ መፈተሻው ሦስተኛውን ዘንግ ጨርሶ አራተኛው ሲቀጠል ነው ውሃው የመጣው። ዘንጉን እንደ ቀስት መልሶ ተኮሰው። ወንድሟን ትከሻው ላይ አግኝቶ አጥንቱን ሰበረውና ከኋላው ከቆመው ሽማግሌ ጋር አንድ ላይ ጣላቸው። ቀዳዳው የጡጫ ያህል ብቻ ስለሆነ በእንጨት ሽብልቅ ደፈኑት፤ ሽብልቁን በመዶሻ የመታው ያ «ባቄላው ተቆጣ ወይ?» ያለው ሽማግሌ ነው። ሁሉም ወጡ። ውሃው እስከ ወገባቸው ደርሶ ነበር።

ሆስፒታል ስትደርስ ወንድሟ ክንዱ ከደረቱ ጋር ታስሮ ተጋድሟል። የጉድጓዱ ጥቁር ጭቃ ከጆሮው ሥር አልለቀቀም። መሐረቧን በምራቋ አርሳ ልትጠርግለት ስትል ራቅ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ተዋት። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

«እስከ ውሃው ስንት ቀርቶ ነበር?» አለችው።

«ሦስት ሜትር አይሞላም። ድማሚቱ ሁለት ተኩል ያፈርሳል። የቀረችዋን ውሃው ራሱ ይገፋት ነበር።»

ሁለቱም ይህን አላለዘቡትም። ነርሷ ገብታ የሙቀት መለኪያ አስቀምጣለት ወጣች። ላቦራቶሪው ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሰጣት፣ ዶክተሩም ያን ትልቅ ጽሑፋቸውን ስህተት ነው ብለው ራሳቸው እንደሳቡት ነገረችው። እሱ ግን የሚሰማት አይመስልም፤ አንድ ነገር እያብሰለሰለ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማክሰኞ ያንን ወረቀት ስትፈርሚ ትንሽ እንኳ ጠርጥረሽ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። ልጁ ታሟል፣ ውሸቱም ደግ ውሸት ይሆን ነበር።

«አልጠረጠርኩም» አለችው። «እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ያማረ ስላይድ ሠርቼ አላውቅም።»

ወንድሟ ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አንስቶ ወደ እሷ ዞረ።

«እኔም ድማሚቱን ስሞላ እያፏጨሁ ነበር» አላት።